ብሉዝና ሶል ለሚጫወቱ ባንዶቻችን ቋሚ ቤት ያስፈልጋቸዋል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርብ ሳምንታት በዚህ የአንባቢያን ዓምድ ስለ መሐል አዲስ አበባ የምሽት ሙዚቃ የወጡ ሁለት አስተያየቶችን አንብቤያለሁ። የመጀመሪያው ጸሐፊ በየምሽት ቤቱ ብሉዝና ሶል የተባሉትን የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃዎች የሚጫወቱ ወጣቶች የራሳቸውን ትተው የሰው አገር ዜማ እየገለበጡ ነው ሲሉ ወቅሰዋል። ሁለተኛው ደግሞ እነዚሁ ወጣቶች ዓለም አቀፍ ደረጃ ላይ ደርሰዋል በማለት አሞግሰዋቸዋል። የሁለቱንም ቅን ልቦና አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ ክርክራቸው በሙዚቃው ዓይነት ላይ ብቻ ስለነበረ ሙዚቃው የሚሠራበትን ቤት፣ ባንዱን ቀጥሮ የሚያቆየውን ሰው፣ የልምምዱን ሰዓት የሚከፍለውን ኪስ ሳያነሡ አልፈዋል። እኔ በወጣትነቴ በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ውስጥ ትራምፔት እነፋ የነበርኩ፣ ኋላ ኑሮ ወደ ሒሳብ ሥራ የወሰደኝ፣ አሁን ጡረታ ወጥቼ ሙዚቃ ቤት ማምሸት የምወድ ሰው ነኝ። ልል የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ጥሩ ሶል የሚወጣው ከቋሚ ባንድ ነው፣ ቋሚ ባንድ ደግሞ ቋሚ ቤት ከሌለው ሊቆይ አይችልም።

ከብሔራዊ ቴአትር ብዙም ሳይርቅ፣ በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ፣ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ስድስት ሰዎች ብሉዝና ሶል የሚጫወቱበት ቤት አለ። ደብዳቤዬ ማስታወቂያ እንዳይመስል ስሙን አልጠራም። ድራመሩ ዝግ ያለ ብሉዝ ሊጀምር ሲል የኪስ ቦርሳውን አውጥቶ ስኔር ድራሙ ላይ ያስቀምጣል፤ የክፍሉ ወለልና ግድግዳ ሴራሚክ ስለሆነ እንዲህ ካላደረገ የእያንዳንዱ ምት ጩኸት ተመልሶ ድምፃዊቷን ይውጣታል። ቴነር ሳክስፎን የሚነፋው ጎልማሳ ሪዱን፣ የመንፊያውን ስስ ሸምበቆ፣ በከንፈሩ እያረጠበ ሲጠብቅ፣ የኪቦርድ ተጫዋቹ የኦርጋን ድምፅ መርጦ አንድ ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ብቻ ይይዛል። ከዚያ ቤዙ ይገባል። ማንም ለማንም ምልክት አይሰጥም፤ ሁሉም ግን የት ገብቶ የት እንደሚወጣ ያውቃል። ድምፃዊቷ በእንግሊዝኛ ሁለት ዙር ከዘፈነች በኋላ፣ ባንዱ ሳይቆም፣ ምቱም ሳይለወጥ፣ ወደ ትዝታ ስንኝ ትሻገራለች፤ ሳክስፎኑም የስንኟን ጫፍ ተቀብሎ ይመልስላታል። በዚህ ጊዜ ከኋላ ጠረጴዛ አንድ ጠና ያሉ ሰው ተነሥተው ሁለት መቶ ብር ግንባሯ ላይ ሲለጥፉ አይቻለሁ። ሳክስፎን ተጫዋቹ ግንባር ላይ ግን ማንም ሲለጥፍ አይቼ አላውቅም፤ ነገሩ ቀላል ቢመስልም ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ያ መሻገር የሚገጥመው በአጋጣሚ አይደለም። የትዝታ ሜጀር ቅኝት አምስት ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። እነዚሁኑ አምስት ድምፆች ከላ ጀምረን ብንደረድራቸው ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል እናገኛለን፤ ይህም ማንኛውም የብሉዝ ጊታር ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚለማመደው፣ ማይነር ፔንታቶኒክ የተባለው ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ነው። ልዩነቱ ማረፊያው ላይ ነው፤ የእኛ ዘፋኝ ዶ ላይ ታርፋለች፣ የብሉዙ ዘፋኝ ላ ላይ። የብሉዝ ተጫዋች በዚህ ላይ ከሰባቱ የሜጀር ድምፆች ሦስተኛውን፣ አምስተኛውንና ሰባተኛውን ድምፅ ዝቅ አድርጎ፣ ክሩን ጎትቶ ወይም ትንፋሹን አጥፎ፣ በሁለት ኖት መካከል ያለውን ቦታ ይፈልጋል። ማሲንቆ የሰማ ጆሮ ይህን ለመቀበል አስተርጓሚ አያስፈልገውም፤ ማሲንቆ በአንገቱ ላይ የጣት መከፋፈያ የለውምና ተጫዋቹ ድምፁን በፈለገበት ቦታ ያንሸራትተዋል። ምቱም ቢሆን እንዲሁ ነው። በችክችካ ያደገ ድራመር ዝግ ያለ ብሉዝ ሲሰጡት የማይደናገረው ሁለቱም እያንዳንዱን ምት ለሦስት ስለሚከፍሉ ነው።

የግጥሙ አሠራርም ይቀራረባል። የታወቀው የብሉዝ ቅርፅ 12 ባር (እኩል የምት ክፍል) ነው፤ ሦስት ስንኞች፣ እያንዳንዳቸው አራት አራት ባር ይዘው ይሄዳሉ፣ ሁለተኛው ስንኝ የመጀመሪያው ድጋሚ ይሆንና ሦስተኛው መልሱን ያመጣል። ይህ ድግግሞሽ ለዘፋኙ ጊዜ ይገዛለታል፤ የመጀመሪያውን ስንኝ ደግሞ ዘፍኖ እስኪጨርስ ድረስ ሦስተኛውን በልቡ ይፈጥራል። አዝማሪ ቤት ገብቶ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ የሰጠ ሰው አዝማሪው ያንኑ ስንኝ በዜማ ሲመልስ መልሱን እያሰናዳ እንደሆነ ያውቃል። በየስንኙ ማብቂያ የሚቀረውን ባዶ ቦታ በአንዱ አገር ጊታር ይሞላዋል፣ በሌላው ማሲንቆ። ስለዚህ በዚያ ምድር ቤት የሚሰማው ግልበጣ ነው የሚለው ወቀሳ ከመድረኩ ራቅ ብሎ የተሰነዘረ ይመስለኛል።

ደግሞስ ሶል አዲስ አበባ የገባው ትናንት ነው? አሥመራ ከነበረው የአሜሪካ ጦር ሰፈር፣ ከቃኘው ጣቢያ፣ በሬዲዮና በክበቦቹ በኩል፣ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮም ከአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ መምህራን ጋር፣ የአሜሪካ ሸክላዎች በአገራችን ወጣቶች እጅ ገብተዋል። በ1960ዎቹ መጨረሻ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ከመንግሥት ኦርኬስትራዎች ውጭ ራሳቸውን ችለው ከተቋቋሙት ባንዶች አንዱ ስሙን ሶል ኤኮስ ብሎ ነበር፤ ተሾመ ምትኩ ከዚያ ባንድ ጋር ዘፍኗል። በፖሊስ ኦርኬስትራ ያደገው ዓለማየሁ እሸቴ በአሜሪካውያን ዘፋኞች ስም፣ በአንዱ አፍ የኢትዮጵያ ኤልቪስ፣ በሌላው የአቢሲንያ ጄምስ ብራውን ተብሏል፤ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም መጀመሪያ ያሳተመውም የዓለማየሁን ሸክላ ነው። ያን ዘመን ዛሬ ወርቃማ እያልን እንጠራዋለን። ያኔም ቢሆን የሰው አገር ነው ብለው የተቆጡ ሽማግሌዎች እንዳልጠፉ አልጠራጠርም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ያ ዘመን ወርቃማ የሆነው በተሰጥኦ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ተሰጥኦ ዛሬም አለ። ከዘፋኞቹ ኋላ የነበሩት ባንዶች ደመወዝተኞች ነበሩ። የክቡር ዘበኛ፣ የምድር ጦር፣ የፖሊስ ኦርኬስትራዎች አባላት ወር ሲደርስ የሚከፈላቸው፣ መሣሪያቸው የተቋሙ የሆነ፣ ልምምዳቸው እንደ ሥራ ሰዓት የሚቆጠርላቸው ሰዎች ነበሩ። ጥላሁን ገሠሠም ሆነ ብዙነሽ በቀለ ከኋላቸው በየቀኑ አብሮ የሚውል ባንድ ነበራቸው። ከዚያ በኋላ የመጡት የግል ባንዶችም ቢሆኑ እያንዳንዳቸው መኖሪያ ነበራቸው፤ አይቤክስ በራስ ሆቴል፣ ዳህላክ በግዮን፣ ዋልያስ በሒልተን። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ሲታወጅ እንግዳው እንደ ገባ እዚያው ያነጋ ስለነበር፣ ባንዱ እስከ ንጋት ለመጫወት ይገደድ ነበር። ያን ያህል ሰዓት፣ ያን ያህል ሌሊት፣ ያው ሰው ከያው ሰው ጋር ሲጫወት የሚፈጠረውን መግባባት በስቱዲዮ ገንዘብ መግዛት አይቻልም። የአፈናውን ዘመን እያመሰገንሁ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኝ፤ ስለ ሰዓቱ ብቻ ነው የምናገረው።

በሶል አገር በአሜሪካም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ሜምፊስ ከተማ ስታክስ የተባለው የሸክላ ኩባንያ የከተመው በአሮጌ ሲኒማ ቤት ውስጥ ነበር፤ የአዳራሹ ወለል እንደ ሲኒማ ቤት ያዘቀዘቀ እንደሆነ ቀረ፣ ድምፁም በዚያ ምክንያት የራሱ ጠባይ ነበረው። የቤቱ ቋሚ ባንድ ቡከር ቲ ኤንድ ዘ ኤም ጂስ አራት አባላት ነበሩት፤ የዘር መለያየት በሕግ በጸናበት አገር ጥቁሮችና ነጮች አብረው ይጫወቱበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 አንድ ወጣት ሌላ ሙዚቀኛ በመኪና ይዞ ወደዚያ ስቱዲዮ መጣ፤ የዕለቱ ቀረጻ ካበቃ በኋላ በተረፈችው ሰዓት እስቲ ልዝፈን አለና ዘፈነ። ያ ሰው ኋላ ስመ ጥር የሶል ዘፋኝ የሆነው ኦቲስ ሬዲንግ ነበር። ባንዱ ዕቃውን ጠቅልሎ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ማን ያጅበው ነበር? የእኛው ማሕሙድ አሕመድም በአሪዞና ክለብ ተላላኪ ሆኖ ሲሠራ፣ አንድ ምሽት ዘፋኝ ሲቀር ነው ቦታው ላይ ወጥቶ የዘፈነው፤ የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች እዚያ ስለነበሩም ሰሙት። ሁለት አገር፣ ሁለት ወጣት፣ አንድ ዓይነት ዕድል። ዕድሉ የተገኘው ባንዱ ቤት ውስጥ ስለነበረ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳምነኝ ግን የአሜሪካዊቷ የሶል ዘፋኝ የአሪታ ፍራንክሊን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ኮሎምቢያ በተባለው የሸክላ ኩባንያ ብዙ አልበሞች ቀረጸች፤ ድምፅዋን ሁሉም አደነቀ፣ አልበሞቹ ግን የድምፅዋን ያህል አልሆኑም። እ.ኤ.አ. በ1967 መጀመሪያ ወደ አትላንቲክ የሸክላ ኩባንያ ተዛውራ አላባማ ውስጥ መስል ሾልስ በምትባል ትንሽ ከተማ ወደሚገኝ ስቱዲዮ ሄደች፤ እዚያ አብረው መዋል የለመዱ የቤቱ ሙዚቀኞች ነበሩ። እርሷ ፒያኖው ላይ ተቀመጠች፣ እነርሱ ዙሪያዋን ያዙ፣ ሥራዋም ከዚያ ቀን ጀምሮ ተለወጠ። ቀሪውን ሥራ ኒው ዮርክ ለመጨረስ ሲታሰብ ኩባንያው እነዚያኑ ሙዚቀኞች አስመጣላት፤ ኒው ዮርክ ሙዚቀኛ ጠፍቶ አይደለም። ድምፁ ያው የአሪታ ድምፅ ነበር። ዲትሮይት ላይም የሸክላ ኩባንያው ሞታውን ለአንድ ዘመን ዓለምን ያስጨፈረው ፈንክ ብራዘርስ የተባሉ ደመወዝተኛ ሙዚቀኞች በአንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ በተሠራ ስቱዲዮ ጠዋት ማታ ስለሚገናኙ ነው። ብሉዙንም ካነሣን፣ ጊታር ተጫዋቹና ዘፋኙ መዲ ዋተርስ እ.ኤ.አ. በ1943 ከሚሲሲፒ ወደ ቺካጎ ገብቶ ጊታሩን በኤሌክትሪክ ያደረገው በመጠጥ ቤቶቹ ጫጫታ ውስጥ ለመሰማት ነበር፤ የቺካጎ ብሉዝ ድምፅ የተቀረጸው በእነዚያው ቤቶች ነው። የኦርኬስትራ መሪው ዱክ ኤሊንግተንም እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ ከኋላው የቆመው ኦርኬስትራ ለአሥርት ዓመታት ሳይበትን ያቆየው፣ ኒው ዮርክ ውስጥ በኮተን ክለብ ከ1927 ጀምሮ ስም ያወጣ ነበር። ጃዝ ነው ብላችሁ ብታርሙኝ እቀበላለሁ፤ ነገሩ ግን ያው ነው።

እስቲ አሁን የእኛን እንይ። የእህቴ ልጅ ቤዝ ጊታር ይጫወታል። በአንድ ምሽት ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ቤት ይዞራል፤ አንደኛው ቤት ከማያውቀው ድራመር ጋር፣ ሁለተኛው ቤት ስሙን ብቻ ከሚያውቀው ዘፋኝ ጋር። ሙዚቃው የሚጀመረው መድረክ ላይ «ምን ላይ ነው?» ተባብለው ኮርዱን ከተነጋገሩ በኋላ ነው። ችሎታ ያላቸው ሰዎች ስለሆኑ አይወድቁም። ግን ሁሉም የሚያውቀውን፣ ሁሉም ያለ ልምምድ የሚያጅበውን ዘፈን ብቻ ለመጫወት ይገደዳሉ፤ በየቤቱ ያው አሥራ አምስት ወይም ሃያ ዘፈን የሚሰማውም በዚህ ምክንያት ነው። ግልበጣ ይሉት ወቀሳ እውነት አለው ከተባለ እውነቱ እዚህ ላይ ነው። አዲስ ቅንብር የሚሠራው ተሰብስቦ በመሥራት ነው፤ ለመሰብሰቡ የሚከፍል የለም። ልምምድ ያለ ክፍያ፣ ታክሲው ከራስ፣ ክሩና ሪዱ ከራስ።

ይኸው ልጅና ጓደኞቹ ከዓመት በፊት በአንድ ቤት ሳምንታዊ ምሽት አግኝተው ነበር። ስሙ ይቆየኝ። ወራት አብረው ተለማምደው፣ የራሳቸውን ዜማ በሶል ቅንብር ማቅረብ ጀምረው፣ ታዳሚውም እየለመደ ሲመጣ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዕቃቸውን ይዘው ሲደርሱ ስድስት ሰው ከመመገብ አንድ ዲጄ እንደሚቀል ተነገራቸው። ውል የሚባል ወረቀት ስላልነበረ የሚጠይቁት ነገር አልነበራቸውም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቃል ለተቀጠረ ሠራተኛ እንኳ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የቅጥሩን ሁኔታ የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ እንዲሰጥ ያዛል። ሙዚቀኛ ሠራተኛ ነው ወይስ ተቋራጭ የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ በየሳምንቱ በተወሰነ ሰዓት ተገኝቶ፣ በባለቤቱ ትእዛዝ ጀምሮ በባለቤቱ ትእዛዝ የሚያቆም ሰው ቢያንስ አንድ ገጽ ወረቀት ይገባዋል።

በዚህ ላይ የዐቢይ ጾም አለ። 55 ቀን ሠርግ የለም፣ ብዙ ቤቶችም ባንዱን ያሰናብታሉ። ጾሙን አከብራለሁ፣ እጾማለሁም፤ ነገር ግን አስተናጋጁና ጥበቃው ደመወዙን ሲያገኝ ሙዚቀኛው ብቻ ለፋሲካ ተመለስ የሚባልበትን አሠራር ጾሙ አላዘዘም። ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ሳክስፎን ተጫዋች በሁዳዴ ሳክስፎኑን ሲሸጥ፣ ፋሲካ ሲመጣ ባንዱ ያለ ሳክስፎን ይመለሳል፤ የእርሱን ድርሻም ኪቦርድ ይይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ኪቦርድ ብቻውን የነፋስ መሣሪያውን ሁሉ ከመድረክ ያወረደበትን ጊዜ የእኔ ዕድሜ ሰዎች አይረሱትም። እኔ ራሴ ትራምፔቴን በአልጋ ሥር የከተትኩት በዚያው ሰሞን ነው። ኪቦርዱ ምንም አላጠፋም፤ ለአንድ ሰው መክፈል ለሰባት ሰው ከመክፈል ስለሚረክስ የቤቶቹ ባለቤቶች ሒሳብ አደረጉ።

ሽልማት የሚሉትን ነገር እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። ግንባር ላይ ብር መለጠፍ የኖረ ልማዳችን ነው፣ ደግ ልማድም ነው። ሆኖም አንዳንድ ባለቤቶች ሽልማቱን ቆጥረው ክፍያውን ይቀንሳሉ። ሽልማቱ ደግሞ የሚሄደው ፊት ለቆመው ነው። ዘፋኟ ቅን ከሆነች ታካፍላለች፣ ካልሆነችም አትወቀስም። ድራመር፣ ቤዝ ተጫዋች፣ ሳክስፎን ነፊ ከጨለማው በኩል ተቀምጠው የሚያገኙት ነገር የለም። ሶልን ሶል የሚያደርገው ግን ይኸው ከጨለማው በኩል ያለው ክፍል ነው፤ የስታክስን ሸክላ ያሰማችሁት ሰው የዘፋኙን ስም ባያውቅ እንኳ ቤዙንና ድራሙን ሰምቶ ይነቃነቃል።

ስለ ቤቶቹም አንድ ነገር ልጨምር። ጥር 2007 ዓ.ም. ፒያሳ የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል በውስጡ የነበረው ጃዝአምባ አብሮ ሄደ፤ የእንጨት ወለል የነበረው፣ ድምፅን የማይመልስ፣ ለባንድ የሚመች ቤት ነበር። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ የፒያሳን ሰፊ ክፍል አፈረሰ፤ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ተራውን ሲያገኝ ፈንዲቃን የመሰለ አዝማሪም ጃዝም ያስተናግድ የነበረ ቤት ከነበረበት ተነሣ። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል፣ ይህን አልክድም፤ ማታ ማታ በእግር መሄድ ጉልበቴ እስከፈቀደልኝ ድረስ ደስ ይለኛል። አዲሶቹ ሕንፃዎች ግን በመስተዋትና በሴራሚክ የተሸፈኑ፣ ኪራያቸው በባንክና በካፌ አቅም የተተመነ፣ ድምፅ የሚያፍን አንድ ክፍል እንኳ ያልታሰበባቸው ናቸው። በዚህ ዓይነት ክፍል ባንድ ሲጫወት ጩኸቱ ይበረታል፤ የሳውንድ ሰውየው ጩኸቱን ለማሸነፍ ስፒከሩን ይጨምራል፤ ጎረቤት ይከስሳል፤ ወረዳው ይመጣል፤ ባለቤቱም ባንዱን ያሰናብታል። ጎረቤቱ ሊወቀስ አይገባም። በእንጨት፣ በመጋረጃና በድርብ በር ሊፈታ የሚችለው ነገር ወረዳ ድረስ መሄድ አልነበረበትም።

ሜምፊስም ተሳስታለች። የስታክስን ሕንፃ ኩባንያው ከከሰረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1989 አፈረሱት። ኋላ ቆጭቷቸው እ.ኤ.አ. በ2003 በዚያው ቦታ፣ የድሮውን የሚመስል ፊት ሠርተው፣ ሙዚየም ከፈቱ። ጎብኚ አለው፣ ገቢ አለው፤ ባንዱ ግን በቦታው የለም።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የሙዚቃ ቤት ባለቤቶች አንድ ባንድ መርጠው፣ በሳምንት አንድ የታወቀ ምሽት ሰጥተው፣ ቢያንስ ለአንድ ዓመት በጽሑፍ ውል ያቆዩት፤ በሳምንት ለአንድ ከሰዓት ልምምድ ቤታቸውን ይክፈቱ፣ ያን ሰዓት ቤቱ ባዶውን የሚውል ነውና ኪሳራው ትንሽ ነው፤ ለልምምዱም የታክሲና የምሳ ያህል እንኳ ይክፈሉ። በር ላይ መጠነኛ መግቢያ ይኑር፣ መግቢያውም ለባንዱ ይሁን፣ ለስድስቱም እኩል። ለጆሮ መክፈል ያልለመድን ታዳሚዎች እናጉረመርማለን፤ ቢሆንም እንለምደዋለን። የአንድ ቢራ ዋጋ በየወሩ ሲጨምር ያልለመድነው ነገር የለም። የከተማው ባህልና ኪነ ጥበብ ነክ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ በፒያሳና በካዛንቺስ የሚሠሩት የመንግሥት ሕንፃዎች ለኪራይ ሲቀርቡ፣ ከየአካባቢው ጥቂት ምድር ቤቶች ድምፅ በሚያፍን አሠራር ተሠርተው በቅናሽ ኪራይ ለቀጥታ ሙዚቃ እንዲውሉ፣ ተከራዩም ቋሚ ባንድ እንዲይዝ በውሉ ላይ እንዲጻፍ ቢያደርጉ፣ ለአንድ የፌስቲቫል ድንኳን ከሚወጣው ወጪ የሚበልጥ አይመስለኝም። የፌስቲቫሉን ጥቅም አላቃልልም፤ ግን ፌስቲቫል በዓመት አንድ ጊዜ ነው፣ ባንድ የሚሠራው በየሳምንቱ ነው።

ለእናንተም፣ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ አንድ ልመና አለኝ። የቴአትር ቤቶችን ሳምንታዊ ፕሮግራም እንደምታወጡ ሁሉ፣ በመሐል ከተማው የትኛው ባንድ በየትኛው ቤት በየትኛው ምሽት እንደሚጫወት የሚገልጽ አጭር ሰንጠረዥ ብታወጡ፣ በሰንጠረዡም ከዘፋኙ ስም አጠገብ የድራመሩን፣ የቤዙን፣ የጊታሩን፣ የኪቦርዱንና የሳክስፎኑን ተጫዋች ስም ብታሰፍሩ፣ ለአንድ ሩብ ገጽ የማይሞላ ቦታ ነው የሚጠይቃችሁ። ዝርዝሩን ማሰባሰብ ለጋዜጠኞቻችሁ ከከበደ፣ በየሳምንቱ ማክሰኞ እየዞርኩ ጽፌ ላመጣላችሁ ፈቃደኛ ነኝ፤ ክፍያም አልጠይቅም።

ከአክብሮት ጋር፣

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ